የድርቆሹ ሙቀት

ኑ እስቲ፣ እግራችሁን አሳርፉ። አንተ ያንን መንሽ አስቀምጠው፤ ሹሉ ወደ ግድግዳው ይዙር፣ ሰው ይወጋል። አንቺም ባልዲውን ገልብጪና ተቀመጪበት። ሰሞኑን ድርቆሽ ልታስገቡ መሆኑን ሰምቻለሁ። እንግዲያው የመጀመሪያው ጋሪ ከመጫኑ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔ እንደሆነ ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፣ አሳምሬ አላወራም። ግን ያየሁትን አየሁ።

ያኔ ሠላሳ ዓመት አልሞላኝም። የልጆቼ አባት፣ እናቱ፣ ታናሽ ወንድሙና እኔ በአንድ ግቢ ነበር የምንኖረው። የባሌን እናት እማማ እላቸዋለሁ፤ ጉልበታቸው ከብርድ ጋር የተጣላ፣ ምላሳቸው ግን ከማንም ያልታረቀ ሴት ነበሩ። የባሌን ወንድም አገሩ ሁሉ ‹ነገ› እያለ ነው የሚጠራው። የሰበረውን ነገ ይጠግናል፣ የወሰደውን ነገ ይመልሳል፣ እንዲያው ሲወለድም እማማን ሁለት ሳምንት አስጠብቋቸዋል ይባላል። ልቡ ግን ንጹሕ ነው።

አሥራ አንድ ላሞች ነበሩን፤ ሰባቱ እርጉዝ። በረቱ ረጅም ነው። ላሞቹ በግራና በቀኝ ይታሰራሉ፣ ትልቁ በር ከፊት ነው፣ መሃል ላይ አንዲት የጎን በር አለች። ከትልቁ በር ትይዩ ያለው ጫፍ ደግሞ ከመሬት እስከ ቆርቆሮው የድርቆሽ ቦታ ነው። ብርዱ ከመግባቱ በፊት ያንን ቦታ መሙላት አለብን። ካልሞላ ላሞቹ ብርዱን አያልፉትም፤ ይኸው ነው።

የባሌ አባት በሕይወት ሳሉ አንድ ሥርዓት ነበራቸው። ክምሩ ተከምሮ ሲያልቅ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ፌሮ ልቡ ድረስ ይሰኩበታል። ስሙን ‹ዘበኛው› አሉት። በየጠዋቱ፣ ላም ከመታለቡ በፊት፣ አንድ ሰው ዘበኛውን ስቦ ያወጣና ጫፉን ጨብጦ እስከ አሥር ይቆጥራል። እስከ አሥር መያዝ ከቻለ ደህና ነው። መያዝ ካቃተው ላሞቹ ይወጣሉ፤ ጥያቄ የለም። እርጥብ ሆኖ የተከመረ ድርቆሽ ከውስጥ ይሞቃላ። ይሞቃል፣ ይሞቃል፣ ከዚያ ማንም ክብሪት ሳይጭርበት ራሱን ያነዳል። ከመጀመሪያው ሳምንት እስከ ሁለተኛው ወር ድረስ አይታመንም።

ድርቆሹ መድረቁን የማየት ሥራ ደግሞ የእማማ ነበር። ጣቶቻቸው ሲደነዝዙ ለኔ አወረሱኝ። አንድ እፍኝ ትይዣለሽ፣ እንደ ገመድ ትጠመዝዢዋለሽ። ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል። ከተጠማዘዘ ጉንጭሽ ላይ አድርጊው፤ ጉንጭ አይዋሽም። እንዲህ ብለው ነው ያስተማሩኝ።

ጉንጬ አልዋሸም። የዋሸው አፌ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከዚያ በፊት ባለው ዓመት ነው። ያን ዓመት «ገና ነው፣ ሁለት ቀን ይጨመር» አልኩ። ጨመሩ። በሁለተኛው ቀን ሰማዩ ተቀደደና የታጨደው ሁሉ ማሳው ላይ በሰበሰ። የብርዱን ወራት ሙሉ ላሞቻችን የጎድን አጥንታቸው እየተቆጠረ አሳለፉ፤ አንዷ እንደተኛች ቀረች። ባሌ አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ቀልድ ጀመረ። ሰው በተሰበሰበበት «የኔ ሚስት ጉንጭ ዝናብ ይጠራል፤ ድርቅ ያለበት አገር ቢኖር እናከራያት ነበር» ይላል። ሰው ይስቃል። እኔም እስቃለሁ። ልጆቼ፣ ሰው እየሳቀ የሚውጠው ነገር አይፈጭም፤ እዚያው ይቀመጣል።

በተከታዩ ዓመት አጨድን። ሦስት ቀን ፀሐይ ሆነ። በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ከወደ ኮረብታው ደመና ብቅ አለ። ጋሪው ተዘጋጅቷል፣ ወንዶቹ መንሽ ይዘው ቆመዋል፣ ሁሉም እኔን ያያል።

«እህስ፣ የጉንጭ ሐኪም» አለ ነገ። «በሽተኛው ምን ይላል?»

ከላይኛው ማሳ አንድ እፍኝ አነሳሁ። ቀጭ አለ። ከመሃል አነሳሁ። ቀጭ አለ። ወደ ረግረጉ ዳር ወረድኩ፤ እዚያ ሣሩ ወፍራም ነው፣ ጥላም ይበዛበታል። ጠመዘዝኩት። እንደ ገመድ ተጠማዘዘ። ጉንጬ ላይ አደረግሁት። እንደ ውሻ አፍንጫ ቀዘቀዘኝ።

ባሌ ደመናውን እያየ «እንዴት ነው?» አለ።

«ደርቋል» አልኩ።

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

እማማ ከጋሪው ጥግ ሆነው «የረግረጉን ዳር አየሽው?» አሉኝ።

«አይቻለሁ እማማ።» ማየቱንስ አይቼው ነበር።

የረግረጉ ዳር ሣር በሦስት ጋሪ ተጭኖ ገባ። የት እንደገባ አውቃለሁ፤ ራሴ ነኝ የረገጥኩት። መሃል ለመሃል፣ ልቡ ላይ። ዝናቡም አመሻሹ ላይ ወረደ። ባሌ በበረቱ በር ቆሞ እጁን አጨበጨበና «አየሽ? ዘንድሮ ቀደምነው!» አለ። ትከሻዬንም መታ መታ አደረገኝ። ዓመት ሙሉ የጠበቅኳት መታ መታ ናት። ጣፈጠችኝ፤ አልዋሻችሁም።

በማግስቱ ዘበኛው የለም። ለካ ወይፈኑ የጎን በሩን መወርወሪያ ሰብሮት ኖሮ፣ ነገ ፌሮውን ወስዶ በቀለበቶቹ ውስጥ አስገብቶ፣ በድንጋይ ቀጥቅጦ በሩን ቆልፎበታል።

«የዘበኛ ሥራው መጠበቅ አይደል?» አለኝ። «በር ይጠብቅ። ነገ እንጨት አስጠርቤ እመልሰዋለሁ፣ እትዬ።»

መጮህ ነበረብኝ። ግን ዘበኛው ቢመለስ ጠዋት ጠዋት ማን ሊጨብጠው ነው? ባሌ ነው። ምን ሊያገኝ ነው? የኔን ውሸት ነዋ። ዝም አልኩ። ዝም አይነቅዝም ይባላል። የድርቆሽ ዝምታ ግን ይነቅዛል ልጆቼ፣ ከውስጥ ነው የሚበላው።

አንድ ሳምንት ምንም የለም። እኛም በሥራ ተጠምደናል፤ የላሞቹን ሰኮና ከረከምን፣ የበረቱን ቦይ ጠረግን፣ አይጥ የላጠውን የመብራት ሽቦ አስቀየርን። በአሥረኛው ቀን ድመታችን አራት ልጆቿን ከማድ ቤት አውጥታ ክምሩ ሥር አስቀመጠቻቸው። ዶሮዎቹ ቆጣቸውን ትተው ክምሩ ጫፍ ላይ ማደር ጀመሩ። ነገ እንቁላል ለመልቀም መሰላል እየወጣ «ዘንድሮ ዶሮዎቻችን ፎቅ ገቡ» ይላል።

ከዚያ እማማ መጡ። ከዘራቸውን ተደግፈው፣ ዝቅ ያለች በርጩማ ይዘው በረት ገቡ፤ ጀርባቸውን ለክምሩ ሰጥተው ተቀመጡ።

«ይኼ ቦታ ባረከኝ» አሉ። «ጉልበቴን ከዘይት ቅባት የበለጠ ፈታው። እንዲያው የሰው ጀርባ የተደገፍኩ ነው የሚመስለኝ።»

«ባልሽ ትዝ አለሽ?» አላቸው ባሌ።

«አባትህ እንዲህ ሞቆ አያውቅም።»

ተሳቀ። እኔ የማልበው ላም ሥር ተደብቄ ፊቴን ጎኗ ላይ ለጠፍኩ። እጆቼ ቀዝቅዘው ነበር። ሌላው ሁሉ የሚሞቀውን ሙቀት እኔ ብቻ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ግን ደግሞ ለራሴ እላለሁ፦ ምናልባት ነው። ምናልባት ለብ ብሎ ይበርዳል። ሦስት ጋሪ ምን አላት?

እማማ በየቀኑ መምጣታቸውን ቀጠሉ። እኔም በየቀኑ አንድ ሰበብ እፈልግላቸዋለሁ። «እማማ፣ አቧራው ሳል ያመጣብዎታል፤ ቤት ይግቡ።» «እማማ፣ ወይፈኑ ይረግጥዎታል።»

«አንቺ ልጅ» አሉኝ አንድ ቀን፤ «ምን አድርጌሽ ነው ከሙቀት የምታባርሪኝ?»

ባልዲዬን አንስቼ ወጣሁ።

በሦስተኛው ሳምንት ቆርቆሮው ማንጠብጠብ ጀመረ። ዝናብ ከጣለ አሥራ ሁለት ቀን ሆኖታል፤ ከክምሩ በላይ ያለው ቆርቆሮ ግን ጠዋት ጠዋት ከውስጥ በኩል ላብ ያልበዋል፤ ጠብ፣ ጠብ። ነገ ተገረመ፣ ለመጀመሪያ ጊዜም በዕለቱ ሥራ ጀመረ። ጣሪያ ላይ ወጥቶ ቀዳዳ ሲፈልግ ዋለ። ቀዳዳ አጣ። ለማንኛውም ብሎ ሬንጅ ቀባው።

«ሰማዩ ደረቅ፣ ጣሪያው እርጥብ» አለ ሲወርድ፣ እጁ ጠቁሮ። «ይቺ ቤት ሳታለቅስ አልቀረችም።»

የዚያን ዕለት የከብት ሐኪሙ እርጉዞቹን ሊያይ መጣ። ጉንፋን ይዞት አፍንጫው ተደፍኗል። ሆዳቸውን ዳበሰ፣ ዓይናቸውን አየ። ክምሩ አጠገብ የምትታሰረው ዳልቻ ጋ ሲደርስ ቆም አለ። ዳልቻ የላሞቹ ሁሉ ታላቅ ናት፤ እሷ ካልቀደመች ሌሎቹ ውሃ አይወርዱም። ገመዷ እስኪወጠር ድረስ ከክምሩ ሸሽታ፣ አንገቷን ወደ በሩ ዘርግታ ቆማለች።

«ይቺ ላም አትተኛም እንዴ?» አለ።

«ሦስት ቀኗ ነው» አልኩት።

«ትበላለች?»

«ትንሽ ትንሽ።»

«ሌላ ነገር አታሸቱም? እኔ እንኳ ዛሬ አፍንጫ የለኝም።»

የሚሸትስ ነበረ። መጀመሪያ የተቆላ እህል ይሸት ነበር፣ ደስ የሚል። ከዚያ የትምባሆ ሽታ ሆነ። ሐኪሙ እኔን አየኝ። ባሌም ከጎኑ ቆሟል። «ድርቆሽ ድርቆሽ ይሸታል፣ ሌላ ምን ይሸታል» አለ ባሌ። ሐኪሙ ቦርሳውን ዘጋ። እኔም አፌን ዘጋሁ። ያቺ ሁለተኛዋ ውሸቴ ናት፤ አንድ ቃል እንኳ የላትም።

በማግስቱ ቀትር ላይ ባዶ ባልዲ ይዤ ወደ በረት ስሄድ ድመቷ ከትልቁ በር ወጣች። አንዱን ልጇን በአንገቱ አንጠልጥላለች። ግቢውን አቋርጣ እንጨት ክምሩ ሥር ከተተችው። ተመለሰች። ሁለተኛውን አወጣች። ዝናብ የለ፣ ውሻ የለ፣ ማንም አልነካት። አራተኛውን ይዛ ስትወጣ እየሮጠች ነበር።

ባልዲውን ጣልኩት።

እማማ እንደ ልማዳቸው በርጩማቸው ላይ አሉ፤ ግን ክምሩን አልተደገፉም። በርጩማዋን አንድ ሁለት ክንድ ፈቀቅ አድርገዋታል። «ዛሬስ በዛ» አሉኝ፣ ክምሩን በከዘራቸው እየጠቆሙ።

እጄን እስከ ክርኔ ሰደድኩት። ወዲያው መዘዝኩት። ወደ ጎን በሩ ሮጬ፣ ነገ የቀጠቀጠበትን ድንጋይ አንስቼ ፌሮውን መታሁት። አልወጣም። ደግሜ መታሁት። በሦስተኛው ተንሸራቶ ወጣ። ክምሩ ውስጥ ሰካሁት፤ በቀላሉ ገባ፣ መሃል ላይ ሲደርስማ እጄን ይዞኝ ሊሄድ ነበር፣ ባዶ ነገር ያገኘ ይመስል። ጥቂት ቆይቼ ሳብኩት። ጫፉን ለመጨበጥ አልደፈርኩም። ምራቄን እንትፍ አልኩበት። ቸስ አለ። ጮህኩ።

ባሌና ወንድሙ ጩኸቴን ሰምተው ገቡ። ፌሮውን አዩ። እኔን አዩ።

«የረግረጉ ዳር አልደረቀም ነበር» አልኩ። «አውቅ ነበር። እያወቅሁ ነው ደርቋል ያልኩት።»

እማማ ከዘራቸውን መሬት መትተው ተነሡ።

«ጸጸቱን ለኋላ አስቀምጪው፣ ልጄ፤ አይሻግትም። አሁን ጥጆቹን አውጪ!»

ባሌ መንሹን አነሳ። «ክምሩን ከፍቼ ላናፍሰው፣ ይበርዳል—»

«አንተ ሰውዬ!» አሉት እማማ። «ከከፈትከው ይተነፍሳል! እሳት ትንፋሽ ሲያገኝ ምን እንደሚሆን ምድጃ ያነደደ ሁሉ ያውቀዋል። መጀመሪያ ነፍስ ያለው ይውጣ!»

ላም በጭንቅ ጊዜ አትወጣም፤ ወደ ለመደችው ማሰሪያ ነው የምትሸሸው። ስለዚህ ጥጆቹን በትልቁ በር አስቀደምኩ፤ እናቶቻቸው እየጮሁ ተከተሉ። ቀጥሎ ዳልቻን ፈታኋት። ፈታኋት አልኩ እንጂ ገመዷን ስነካው ራሷ ነች ይዛኝ የወጣችው። ሌሎቹ እርጉዞች እሷን አይተው ተነሡ። ወለሉ ስሚንቶ ነው፣ ያንሸራትታል፤ እርጉዝ ላም ብትወድቅ ሁለት ነፍስ ነው። ከማድ ቤት የምድጃ አመድ በባልዲ አምጥቼ መንገዳቸው ላይ በተንኩ። አልመታናቸውም፣ አልጮህንባቸውም። እማማ በሩ ላይ ቆመው አንድ በአንድ ይቆጥራሉ። «ስድስት... ሰባት... ቀስ በይ አንቺ... ስምንት...»

ዘጠኝ ሲሉ ባሌን መሰላሉ ላይ አየሁት።

«የላዩ ደረቅ ነው!» አለ። «ግማሹን እንኳ ላውርድ። ከብቶቹ ወጥተው ምን ሊበሉ ነው፣ አየር?»

«ጣውላ ሳታነጥፍ እንዳትረግጥ!» አሉ እማማ። «ልቡን በልቶት ይሆናል፤ ላይ ላዩ ቆዳ ነው የቀረው!»

እሱ ግን ረግጧል። አንድ እርምጃ ሄደ፣ ሁለት ሄደ። ሦስተኛው ላይ ድምፅ እንኳ አልነበረም። ሰው ወደ ውሃ እንደሚገባ ዝም ብሎ ገባ፣ እስከ ብብቱ። ክንዶቹን ዘርግቶ ቀረ፤ ፊቱ ወደኔ ነው። በጎኑ ቀጭን ጭስ እንደ ክር ወጣ። ከዚያ ጮኸ። ያንን ጩኸት አልነግራችሁም።

ነገ ያን ቀን ነገ አላለም። የዳልቻን ገመድ ከእጄ ነጠቀ፣ መሰላሉን ወጣ፣ መሰላሉንም ወደ ላይ ስቦ ክምሩ ላይ አጋደመው፣ በሆዱ ተኝቶ ተሳበበት። ገመዱን በወንድሙ ብብት ሥር አሳለፈ። ጫፉን ወደኔ ወረወረ። እኔ ከታች፣ እሱ ከላይ፣ ሳብን። ባሌ ሲወጣ የግራ እግሩ ጫማም ሱሪም አልነበረውም።

ቀዳዳው ክፍት ቀረ። ክምሩ አንድ ጊዜ አየር ሳበ፤ በጆሮዬ ሰማሁት፣ የተኛ ሰው ሲተነፍስ እንደሚሰማው ነው። ወዲያው ከቀዳዳው ነበልባል ቆመ። ትልቁ በር በጭስ ተሸፈነ። ዘበኛውን ነቅዬው ስለነበር የጎን በሩ ክፍት ነው። የቀሩትን ሁለት ላሞች በእሱ አወጣን፤ ባሌን በእሱ አወጣን። እማማም ወደ ጎን በሩ ዞረው በጭሱ ውስጥ «አሥር... አሥራ አንድ» ብለው ቆጥረው ሲያበቁ ነው ከበሩ የተነሡት።

ጎረቤት ባልዲ ይዞ ሲደርስ ቆርቆሮው ወርዷል። የተረፈው ሥራ የመኖሪያ ቤታችንን ጣሪያ ማርጠብ ብቻ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚሉት ሆነብን። ላሞቹ ማሳው ላይ ተሰብስበው ቆመው ያያሉ፤ አንዷ እንኳ እምቧ አላለችም።

ባሌ አራት ወር ተኛ። እግሩ ዳነ ቢባልም አልዳነም፤ እስኪሞት ድረስ እያነከሰ ነው የሄደው። ከላሞቹ አምስቱን ለዘመድ አደራ ሰጠናቸው፣ ሌሎቹን ጎረቤት ባዋጣው ድርቆሽ አሳለፍን። እኔ ቁስሉን ሳጥብ ቀና ብዬ አላየውም። አንድ ቃል እጠብቃለሁ። ይስደበኝ፣ ይምታኝ፣ ይፍታኝ፣ ብቻ አንድ ነገር ይበል። አላለም። የረግረጉን ዳር አላነሳም። የጉንጬን ቀልድም አላነሳም። እማማ ብቻ አንድ ቀን፣ ፋሻ ስንቀይር፣ ልጃቸውን በከዘራቸው ነካ አደረጉና «ሰው እውነት የሚነግረው ከፈለገ፣ እውነት በነገረው ቀን አይስቅበትም» አሉ። እሱ ወደ ግድግዳው ዞረ።

ቀጣዩ ዓመት መጣ። አጨድን። ሦስት ቀን ፀሐይ ሆነ። በአራተኛው ቀን፣ እመኑኝ፣ ከዚያው ኮረብታ ደመና ብቅ አለ። ጋሪው ቆሟል፣ ሰው ሁሉ መንሽ ይዟል። ማንም እኔን አላየም፤ ሁሉም መሬት መሬት ያያል። ባሌ በምርኩዙ እያነከሰ ብቻውን ወደ ረግረጉ ዳር ወረደ። ጎንበስ ማለት ያቅተዋል፤ ግን ጎነበሰ። አንድ እፍኝ ይዞ ተመለሰና ሰው ሁሉ ፊት እጄ ላይ አስቀመጠው።

«ደርቋል?» አለኝ። አልሳቀም።

ጠመዘዝኩት። ጉንጬ ላይ አደረግሁት። ደመናው ግማሽ ሰማይ ይዟል።

«አልደረቀም» አልኩ።

ነገ ሰማዩን አየ፣ ወንድሙን አየ። ባሌ የጋሪው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ፣ የታመመ እግሩን ዘረጋ።

«እንግዲያው እንጠብቃለን» አለ።

ዘነበ ልጆቼ። ግማሹ በሰበሰ። ያን የብርድ ወራት እንደገና ተቸገርን። እሱ ግን ያን ቀን በዝናቡ ውስጥ ምርኩዙን ተደግፎ ከጎኔ ወደ ቤት ሄደ፤ ስለ ጉንጬም ከዚያ በኋላ ቀልዶ አያውቅም።

ዘበኛው ይኸውላችሁ፣ በሩ ጀርባ ቆሟል። እሳቱ ትንሽ አጉብጦታል እንጂ ይሠራል። ከምራችሁ ስትጨርሱ ልቡ ድረስ ስኩት፤ ማንም ለሌላ ሥራ እንዳያነሳው፣ ለአንድ ቀንም ቢሆን። ከናንተ መሃል ጉንጩ ቀዝቅዞት «አልደረቀም» የሚል ካለ አትሳቁበት። ድመቷ በረት ውስጥ ሞቅ ያለ ቦታ አግኝታ ስትተኛ ካያችሁ ደግሞ፣ እባካችሁ ልጆቼ፣ እኔን አስታውሱኝና እጃችሁን ክምሩ ውስጥ ስደዱ።